ፍግና የጣሊያን ጨው

ወንድሜ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል መሬቴን ለጣሊያን ሲሰጥ እኔ እዚያው ፊቱ ቆሜ ነበር። አልጠየቀኝም። ዘወር ብሎም አላየኝም።

ጊዜው ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ወዲህ አራተኛው ክረምት ሊገባ ሲል፣ ሚያዝያ ላይ ነው። ከከተማው ምሽግ አንድ የእርሻ አዋቂ የተባለ ጣሊያን በበቅሎ ወርዶ የአገሩን ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አሰበሰበ። ቀጭን ነው፤ ፀሐይ አፍንጫውን ልጦታል። በእፍኙ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ይዞ ለእያንዳንዱ እየዞረ ያሳያል። አስተርጓሚው ገብረ ኪዳን የሚባል የአስመራ ሰው ነው። "ይህ የመሬት ምግብ ነው፤ በፋብሪካ የተሠራ። ይህን የበተነ ሰው እጥፍ ያፍሳል ይላሉ" አለን። ቀጥሎም "መሞከሪያ የሚሆን ማሳ ማን ይሰጣል?" ብሎ ጠየቀ።

ሁሉም አቀረቀረ። ዛሬ ከጣሊያን ጋር የተነካካ ሰው ነገ አርበኞቹ ከጫካ ሲወርዱ ምን ብሎ ይመልስላቸዋል?

ያን ጊዜ ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። "የወንድሜ የሙላት ቀዮ አለች። እርሷ እንደሆነች ጨው ቢበተንባትም እሳት ቢለቀቅባትም የሚጎዳ ነገር የላትም" አለ።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አስተርጓሚው ቀልዱን ሳይቀር ተረጎመው መሰለኝ ጣሊያኑም ሳቀ። ሙላት የተባልሁት እኔ ነኝ። ቀዮ የተባለችው ደግሞ ከአባቴ ርስት የደረሰችኝ ቀይ ማሳ ናት።

እንዴት እንደደረሰችኝ ልናገር። አባታችን ሲሞት ወንድሜ ከቅኔ ቤት ተመልሶ ጥምጥሙን ጠምጥሞ ነበር። እኔ ዳዊት ደግሜ ጨርሼ፣ እንደ እርሱ ወደ ቅኔ ቤት ልሄድ ስንቄን አሰናድቼ ነበር። "ይብቃው፤ በሬ የሚጠምድ ሰው ያስፈልገናል" አለና አስቀረኝ። እኔ ጠምጄ ባረስሁት መሬት ክፍፍል ላይ ከወንዙ ዳር ያለውን ጥቁር መሬት እርሱ ወሰደ። ለእኔ ዳገቱ ላይ ያለችውን ቀዮን ሰጠኝ። "ስፋቷን እይ እንጂ፤ ከእኔ ትበልጣለች" አለኝ። ስፋቷን አየሁት። አፈሯን ስትዘግኑት እንደ ዱቄት በጣታችሁ መካከል ይፈስሳል፤ ዝናብ ሲመታት ታለቅሳለች፣ ታጥባ ወደ ገደል ትነጉዳለች።

መሬት እንዲያው አይሞትም። ቀዮን የገደላት መታለፍ ነው። በእኛ አገር በበጋ የዘመዱ ከብት ሁሉ በአንድ በረት ያድራል። በረቱ ከእሾህ አጥር የተሠራ ነው፤ አንዱ ማሳ ላይ ጥቂት ጊዜ ይቆይና ተነቅሎ ወደ ሌላው ማሳ ይሄዳል። ከብቱ ያደረበት ማሳ ፍግና ሽንት ጠጥቶ በክረምት ይጠቁራል። ተራ አለው። የእኔ ተራ ግን ሁልጊዜ ዝናቡ ሲጥል ነው የሚደርሰው፤ ያን ጊዜ ከብቱ ወደየቤቱ ይገባል። "የዘንድሮው ዝናብ ቸኮለ እንጂ" ይሉኛል። በየዓመቱ ለእኔ ብቻ የሚቸኩል ዝናብ!

ከስብሰባው በኋላ የወገናችን ሽማግሌ አያ እንዳላማው ጠሩኝ። ወንድሜም አጠገባቸው ቆሟል።

"ስማ ሙላት" አሉኝ። "መሪጌታ ቀዮ ወደ ግጦሽ ትመለስ ሲል ከርሟል። ዘመዱም ግጦሽ አጥሮታል። እኔ ግን ለአንድ አዝመራ ይታገሠው ብያለሁ። ቤተሰብ የሚቀልብ እህል ከሰጠች ያንተ ናት። ካልሰጠች እንግዲህ አትከፋ።"

"ከሷ ሌላ መሬት የለኝም፣ አያ" አልሁ።

"ከጥቁሩ መሬቴ በእኩል ታርሳለህ፤ ምርቱን እንካፈላለን" አለ ወንድሜ፣ ምጽዋት እንደሚሰጥ ሰው። የገዛ ወንድሜ ጭሰኛ ልሆን ማለት ነው።

ሁለት ጆንያ ጨው በአህያ ተጭኖ ግንቦት ላይ ደጄ ደረሰ። ጣሊያኑ ማሳዬን ዞሮ አይቶ፣ በአስተርጓሚው አፍ ትእዛዙን ሰጠኝ፤ ጨዉ ብቻ ይበተን፣ ፍግ እንዳይገባ።

"ለምን?" አልሁት።

"ፍግ ከገባ ጨዉ መሥራቱ በምን ይታወቃል ነው የሚሉት" አለ ገብረ ኪዳን።

"እኔ ማን እንደሠራ ማወቅ አይደለም የቸገረኝ፤ እህል ነው።"

"እሱን አልተረጉምም" አለና ፈገግ ብሎ በቅሎውን ኮረኮረ።

ስለዚህ ነገር ብዙ አሰብሁ። የተማርሁት ጥቂት ነው፤ ማሰብ ግን ማንም አልከለከለኝም። ያ ጨው ምግብ ነው ካሉ ምግብ ይሁን። ነገር ግን ቀዮ ገላ የላትም። ብትበላስ የት ታስቀምጠዋለች? የመጀመሪያው ዝናብ ጠርጎ ለወንዝ ይሰጠዋል። ገላ የሚሰጣት ፍግ ነው። ፍግ ብቻውን ደግሞ፣ ያለኝን ሁሉ ብጨምር፣ ለዚያ ስፋት አይበቃም፤ አዝጋሚም ነው፤ እኔ ደግሞ የተሰጠኝ አንድ አዝመራ ነው። ሁለቱ አብረው መግባት አለባቸው። ይህን ለሰው ስናገር የሰማኝ የለም። ጣሊያኑ ፍግ አታግባ ይላል፤ ሰፈሩ የጣሊያን ጨው አታግባ ይላል። በየመንገዱ "ጨው ላሽ!" ይሉኝ ጀመር። አንዱማ በሬዬን እየነዳሁ ሳልፍ "ጌታዬ፣ በሬው ያንተ ነው ወይስ የሮማ?" አለኝ።

ፍጉ ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ ከባለቤቴ ከማንጠግቦሽ ጋር ተጣላን። ማገዶ የሚሆን ዛፍ ሰፈራችን አካባቢ አልቋል፤ ጣሊያን ለምሽጉ ጨፈጨፈው። ሴቶቹ የሚያነዱት ኩበት ነው። ማንጠግቦሽ በጋውን ሙሉ እበት ስትጠፈጥፍ ከርማ ኩበቱን ከቤቱ ጎን እንደ ጎጆ ከምራዋለች።

"ከዚያ ክምር ስጪኝ" አልኋት።

"ክረምቱን በምን ላብስልልህ? በዳዊትህ?"

"መሬቱ ከሄደ የምታበስይው ምን ይኖራል?"

"አንተ መጀመሪያ ከወንድምህ ተራህን አስመልስ። ወንድ ፊት እያጎነበስህ ለእኔ ትፎክራለህ?"

ወደ በረቱ ወጣሁ። ከአንዲት ላማችንና ከሁለቱ በሬዎች በረት የሚጠረገውን አዛባ ሰበሰብሁ። ትንሽ ነው። ማብዣ ይሆነኛል ብዬ የምድጃውን አመድ ሁሉ አፍሼ ጨመርሁበት፤ በጓሯችን ያለው ጎመን አመድ እንደሚወድ አውቃለሁና። ከዚያ አንዱን ጆንያ ጨው ፈትቼ አብሬ አቦካሁት፣ ውኃ ረጭቼ በሣር ከደንሁት። ይባረክ አልሁ።

በማግስቱ ስገልጠው የወጣው ሽታ ዐይኔን አጠፋው። እንባዬ ፈሰሰ። ዶሮዎቹ ጓሮውን ጥለው ሸሹ።

"እየሠራ ነው!" አልሁ ደስ ብሎኝ።

"የሠራውስ አፍንጫዬን ነው" አለች ማንጠግቦሽ በነጠላዋ ተሸፍና።

መሪጌታ ወንድሜም ሽታውን ሰምቶ መጣ። አጥሩ ማዶ ቆሞ፣ "ጋኔን ነው የሚወጣው፤ ጠበል እርጩበት" አለ። ጋኔን የወጣ እንደሆነ ጥሩ አይደለም ወይ ብዬ መለስሁለት። አልሳቀም። የእኔ ቀልድ እርሱን አስቆት አያውቅም።

ሽታው ሳይጠፋ ገብረ ኪዳን ብቻውን ጨዉን ሊያይ መጣ። ከበቅሎው ሳይወርድ አፍንጫውን ያዘ።

"ምን ጨመርህበት?"

"አዛባና አመድ።"

"አመድ?" አለና ወረደ። "አንተ ሰው! አመድና ይህ ጨው ተገናኝተው አያውቁም። አመዱ ኃይሉን ያባርረዋል። አሁን የሚሸትህ እኮ ኃይሉ ነው፤ አየር ላይ ሲሄድ ነው የምታሸተው።"

እጄን በወገቤ ይዤ ክምሩን አየሁ። የተደሰትሁበት ሽታ ሁሉ እህሌ ኖሯል።

"ለምን አልነገራችሁኝም?" ጮኽሁበት። "ፍግ አታግባ ስትሉ አመድ አታግባ ማለት አቃታችሁ?"

"አመድ እንደምትጨምር ማን ያውቃል? በእርሳቸው አገር ማንም አይጨምርም።"

"በእኔ አገር ሁሉም ይጨምራል! አገሩ እኮ የእኔ ነው! አንድ ጊዜ እንኳ፣ ሙላት፣ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ ብሎ የጠየቀኝ አለ?"

ገብረ ኪዳን ቁጣዬ እስኪበርድ ቆየ። መልካም ሰው ነው፤ ቢሆንም ያጎረሰው ጣሊያን ነው። "ለእርሳቸው አንዱን ጆንያ ዝናብ መታው እላለሁ" አለኝ። "ስማኝ። የቀረህን አንድ ጆንያ ከምንም ጋር አታቡካው። ፍግህን አስቀድመህ በእርሻ ከአፈሩ ጋር አዋህደው። ጨዉን ግን ቡቃያው ወጥቶ ከታረመ በኋላ፣ አፈሩ እርጥብ ሲሆን በእጅህ በስሱ በትነው። ፍግ ማግባትህን እኔ አላየሁም።"

"እንግዲህ አብረው መግባታቸው ልክ ነው?"

"ልክ ነው። እርሳቸውም ያውቁታል። ነገር ግን ወደ አለቆቻቸው የሚጽፉት ስለ ጨዉ ነው።"

ያውቁታል! ይህ ከሽታው ይልቅ አንገበገበኝ።

አሁን ፍግ በብዛት ያስፈልገኝ ነበር። ዝናቡ ሳይጥል በረቱን ማስመጣት አለብኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዘመዶቹ ተሰብስበው ሳለ ተነሥቼ፣ "ተራዬን" አልሁ። "በረቱ ዘንድሮ ቀዮ ላይ ይደር።"

መሪጌታ መቋሚያውን ተደግፎ ተነሣ። "የጣሊያን ጨው ያለበት ቦታ ከብት ሊያድር? ልሶት ቢሞትስ ማን ይከፍላል?"

"ጨዉ ገና አልተበተነም መሪጌታ። የምበትነው ከብቱ ከሄደ በኋላ፣ ነሐሴ ላይ ነው።"

"ጆንያው ቤቱ አለ። ዛሬ ባይበትነው ነገ ይበትነዋል። ጨዉን ወንዝ ይጨምረውና በረቱን ይውሰድ።"

"ከሁለቱ አንዱ ብቻ አይበቃም። ፍጉ ያሲዛል፣ ጨዉ ያበላል..."

"ሰማችሁ?" አለ ወንድሜ ወደ ሰዉ ዞሮ። "ዳዊት ደግሞ ያቆመ ሰው ስለ መሬት ትርጓሜ ሊነግረን ነው።"

እንደገና ሳቁ። አያ እንዳላማው እጃቸውን አነሡ። "ሙላት፣ ቃልህን ስጠን። ጨዉን ጣለው፣ በረቱ ነገ ይመጣልሃል።"

ቃል መስጠት ቀላል ነበር። ሰጥቼ ባፈርስ ማን ያየኛል? ግን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው የጠየቁኝ፤ እዚያ ቆሜ አልዋሽም። "አልጥልም" አልሁ። በረቱ ወደ ወንድሜ ጥቁር መሬት ሄደ። ፍግ በማያስፈልገው መሬት ላይ ከብቱ ሲያገሳ ከቤቴ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከማንም ጋር አልተነጋገርሁም። ማንጠግቦሽም አላናገረችኝም። አንድ ቀን ከእርሻ ስመለስ ቤቱ በጭስ ተሞልቶ፣ ገብስ ሲቆላ ይሸታል። ያለንን ገብስ ሁሉ አውጥታ እየቆላች ነው።

"ምን ልትሠሪ ነው?"

"በሶ" አለች ቀና ሳትል። "በሶ እሳት አይፈልግም። በውኃ በጥብጠህ ትጠጣለህ። ክረምቱን እሱን እየላስን እንከርማለን። ለልጆቹ አንዳንድ ቀን የምማግደው ትንሽ ኩበት አስቀርቻለሁ። የተረፈውን ጫነው።"

"ሁሉንም?"

"ሐሳቤን ሳልለውጥ ጫነው ብዬሃለሁ። ያ ወንድምህ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲስቅብህ ሰምቻለሁ። አንተ ላይ መሳቅ የእኔ ሥራ ነው እንጂ የእርሱ አይደለም።"

ኩበቱን በአህያ አጋዝሁት። በዱላ አድቅቄ ከአዛባው ጋር ቀዮ ላይ ጨመርሁት፤ ደግሜ አርሼ ቀበርሁት። ያም ሆኖ ለማሳው ሁሉ አልበቃም። ላይኛው ጥግ ፍግ ሳያገኝ ቀረ። ስንዴ ዘራሁ። ቡቃያው ወጣ፤ ታጥቀን አረምን። ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ ባባራበት ጠዋት፣ ጨዉን ከላይኛው ጥግ ጀምሬ ወደ ታች በተንሁ። እርሱም አልበቃኝም፤ ያ አመድ የፈጀው ጆንያ ይቆጨኛል፤ የታችኛው ጠርዝ ጨው ሳያገኝ ቀረ። እንዲህ ሆነና ቀዮ ሦስት ቦታ ተከፈለች፤ ላይኛው ጥግ ጨው ብቻ፣ ታችኛው ጠርዝ ፍግ ብቻ፣ መካከሉ ሁለቱም።

ክረምቱን በሶ ጠጣን። ልጆቹ ጉንጫቸው ዱቄት ሆኖ ይውላል። ማንጠግቦሽ እየበጠበጠች "ዛሬ ወጡ ምንድን ነው? በሶ። እንጀራውስ? በሶ" ትለኛለች። እኔ ሳልስቅ እጠጣለሁ።

ጥቅምት ላይ ነገሩ ገሃድ ወጣ። ላይኛው ጥግ አንድ ሰሞን አረንጓዴ ሆኖ ተነሣና ዝናቡ ሲያቆም ቶሎ ደርቆ ዛላው ቀለለ። ታችኛው ጠርዝ ወፍራም ግን አጭር ሆነ፤ ዘግይቶ ገና አረንጓዴ ነው። መካከሉ ግን! ወገቤን ያልፋል፤ ዛላው ከብዶት ያጎነብሳል። እንዲያ ያለ ስንዴ በጥቁሩ መሬት ላይ እንኳ አይቼ አላውቅም።

ጣሊያኑ መጣ። ከመንገዱ ወደ ማሳው መካከል በቀጥታ ገብቶ በስንዴው መሐል ቆመ፤ በሳጥን መሰል ነገሩ ፎቶ ተነሣ። ጨዉ፣ ጨዉ ይላል። "ወደ ላይ ይምጡልኝና ጨው ብቻ የገባበትን ይዩ" አልሁ። ገብረ ኪዳን ትንሽ አየኝና በጣሊያንኛ አንድ ነገር ተናገረ። ጣሊያኑ ዳገቱን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ዘመዶቹ መጡ። አያ እንዳላማው ዛላውን በእጃቸው አሽተው፣ "ኩበቱን ነው የጠጣችው። ጨዉማ ምን ያደርጋል፤ ተመስገን ሳያቃጥላት ቀረ" አሉ። "አያ፣ ወደ ታች ይውረዱና ኩበት ብቻ የገባበትን ይዩ" አልኋቸው። "ጉልበቴ ልጄ፣ ጉልበቴ" አሉኝ። ሁሉም የቆመው መካከሉ ላይ ነው። ሁሉም መካከሉን አይቶ የሚወደውን ብቻ አመሰገነ።

ያም ቢሆን እህሉ አለ። ቀዮ ቤተሰብ ቀልባለች። ኅዳር ላይ ስናጭድ ግጦሽ የሚባል ወሬ የቀረ መሰለኝ።

አጭደን ነዶው መሬት ላይ ሳለ ወንድሜ ከአያ እንዳላማውና ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጣ። በትከሻው የመሬት መለኪያ ገመድ ተጠምጥሟል።

"ሙላት" አሉ አያ እንዳላማው፣ ዐይናቸውን ከእኔ እያሸሹ። "መሪጌታ ነገር አለው።"

ወንድሜ በዝግታ፣ እንደ ትርጓሜ ሲያስተምር ጀመረ። "አባታችን ሲሞት ስንካፈል ቀዮ ሞታ ነበር። የሞተች ስለሆነች ሰፊውን ሰጠሁህ። ጥቁሩን ጠባብ እኔ ወሰድሁ። እኩል ነበርን። አሁን ቀዮ ድናለች። እንግዲህ እኩል አይደለንም። ገመድ ይጣልና ትርፉ ይመለስልኝ።"

ብትከስር ሁሉን ይወስዳል፤ ብታፈራ ደግሞ ግማሹን! ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ ከአፉ ሲወጣ ፍርድ ይመስላል። እኔ ግን ቅኔ ቤቱን፣ የበረቱን ተራ፣ ሳቁን፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ልናገር ፈልጌ ከየትኛው እንደምጀምር ጠፋኝ።

ማንጠግቦሽ ማጭዷን እንደያዘች ከነዶው መካከል ተነሣች።

"መሪጌታ፣ ገመዱ ረጅም ነው?" አለች።

"ለዚህ ይበቃል" አለ።

"ለጥቁሩ መሬትም ይበቃል ወይ ማለቴ ነው። ክፍፍሉ እንደ አዲስ ከተጀመረ እንደ አዲስ ነው። ዛሬ ቀዮን ለኩና ነገ ወንዙ ዳር እንወርዳለን። ከሁለቱም መሬት ከጥሩውም ከመጥፎውም እኩል እኩል እንውሰድ። በረቱ ያደረበትም አብሮ ይቆጠር። አያ እንዳላማው፣ ትክክል አይደለም?"

አያ እንዳላማው ጢማቸውን ያዙ። "ትክክል ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ገመድ ከወጣ ሁሉን ይዞራል።"

ወንድሜ ቀላ። "ጥቁሩ መሬትማ የተቋጨ ነገር ነው" አለ።

"እርሱ ከተቋጨ ይህም ተቋጭቷል" አለች። "ይምረጡ መሪጌታ። እኛ ነዶ መሰብሰብ አለብን።"

ወንድሜ ገመዱን ከትከሻው ሳያወርድ፣ "የቆየው ይቆይ" አለ።

"ቀዮ የሙላት ናት" አሉ አያ እንዳላማው ሁለቱም ሽማግሌዎች እንዲሰሙ። ቀጥለውም እየሳቁ፣ "ሙላት ስል ያው የማንጠግቦሽ ማለቴ ነው" አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። መሬቴ ዳነ፤ ሳቁ ግን ከእኔ ላይ አልተነሣም። ደግሞስ ያን ቃል ለምን እኔ አላሰብሁትም? ዛሬም ያናድደኛል።

ሽማግሌዎቹ ቀደም ብለው ሲሄዱ ወንድሜ ወደ ኋላ ቀረ። ጎንበስ ብሎ የቀዮን አፈር ዘገነና አሸተተው። በዕድሜዬ የመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ሊማር የፈለገ መሰለኝ።

"ለመሆኑ ምን አድርገህባት ነው?" አለኝ።

አልሸሸግሁትም። ፍጉ አስቀድሞ በእርሻ እንደሚገባ፣ ጨዉ ከአረም በኋላ በስሱ እንደሚበተን፣ አመድ ከጨዉ ጋር ጨርሶ እንደማይገናኝ፣ አንዱ ያለ አንዱ እንደማይሆን ተራ በተራ ነገርሁት። "ላይኛው ጥግ ድረስ ብቻ ይምጡልኝ መሪጌታ፤ ቃርሚያው ላይ እንኳ ልዩነቱ ይታያል። ከዚያ ታችኛውን ያያሉ" አልሁት።

አፈሩን ከእጁ አራገፈ።

"ፍጉ ነው በለኛ" አለ።

"ሁለቱም ነው። ፍጉም ጨዉም።"

"እሺ፣ እሺ። ፍጉ ነው" አለና ቁልቁለቱን ወረደ።

"መሪጌታ! ሁለቱም ነው እኮ የምልዎት!" ብዬ ተከተልሁት። መቋሚያውን በትከሻው አጋድሞ ሳይዞር ይሄዳል።

"ተወው" አለች ማንጠግቦሽ ከኋላዬ። "ደመናው እየመጣ ነው፤ ነዶው ሳይሰበሰብ ሊዘንብበት ነው።"

ጥቂት ቆሜ ጀርባውን አየሁ። ከዚያ ተመልሼ ነዶ መሸከም ጀመርሁ።